ዘቅዝቄ የለበስኩት ዶቲ

በምኖርበት የስደት ከተማ፣ ፎርድስበርግ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። የአገሬ ሰዎች ሲጠይቁኝ «ሽያጭ ላይ ነኝ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ማጠፍ ነው። ደንበኛ ይዘረጋል፣ እኔ አጥፋለሁ። «እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ሌላው ይመጣና ያንኑ ይዘረጋል።

ሱቁ የሚሸጠው ሂንዱዎች ለጸሎትና ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚለብሱትን ነው። ለሴቱ ሳሪ፣ ለወንዱ ዶቲ። ዶቲ ወንዶቹ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚያወርዱት ነጭ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል። በረጅሙ፣ በሁለቱም ጠርዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርቃማ መስመር ይሄድበታል። ስፌት የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ቀበቶ የለውም። ያም ሆኖ ሲወልቅ አይቼ አላውቅም። የእኛ ወንዶች ቀበቶ ታጥቀው እንኳ ሱሪያቸውን ሲጎትቱ ይውላሉ።

ጥር ሲገባ ሱቁ ቢጫ ይሆናል። ትልቅ በዓላቸው ይደርሳል። ስለት ያለባቸው ሰዎች ሥጋ ትተው ይጾማሉ። ከዚያ ቢጫ ለብሰው፣ በአበባ ያጌጠ ሸክም በትከሻቸው ይዘው፣ በባዶ እግራቸው ወደ ቤተ መቅደሳቸው ይሄዳሉ። አንዷ ልጇ ከሆስፒታል ስለወጣላት ነው። ሌላው ሥራ ስላገኘ ነው። ስለት ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሠሪዬ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ «አንቲ»፣ አክስት፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የመጀመሪያው ቀን ሕጉን ነገሩኝ። እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪ። መሬት አታስነኪ። አትሻገሪው። ለጸሎት የተባለውን መቀስ አታስነኪ፤ ከሸማኔው እጅ እንደወጣ፣ ሙሉውን ነው የሚለበሰው። አራቱንም ጠብቄአለሁ። እምነቱ የእኔ አይደለም፤ ግን ሰው የሚጸልይበትን ልብስ መርገጥ በየትም አገር ነውር ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አንዱ ይህ አልተዋጠለትም።

«እህቴ፣ ለጣዖት ልብስ እያጠፍሽ እንዴት ነው ለቁርባን የምትቀርቢው?» አለኝ አንድ እሑድ፣ ሰው እየሰማ።

ይህ ሰው አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ እዚህ የሰፈር ትንሽ ሱቅ ስፓዛ ይባላል። ሲጋራ ከፓኮው አንድ አንድ እየመዘዘ፣ ደብተር ለያዘ ልጅ ሳይቀር ይሸጣል።

«የእኔ ጨርቅ ሳንባ አይበላም» አልኩት።

ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ሠርተሽ ብዪ፣ ልጅሽን አሳድጊ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገሩ በዚያ አለቀ።

በዚያ ዓመት ሐሳቤ ሁሉ እናቴ ጋ ነበር። ሆሳዕና ከተማ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። መሄድ አልቻልኩም። የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ነው፤ እኛ «ፔፐር» የምንለው። ይዞት የወጣ አይመለስበትም፤ እዚህ ደግሞ ልጅ አለችኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ድምፅዋን ልስማ። በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ብዪ፣ ከስተሻል ይላሉ» ትለኛለች። ማን እንደሚላት አላውቅም። ይበቃኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ድምፅዋ ቀረ።

«ተኝታለች» ይለኛል ወንድሜ። በማግስቱም ተኝታለች። ጠዋት ብደውል ተኝታለች፣ ማታ ብደውል ተኝታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከዶሮ በፊት የምትነሣ ሴት በእርጅናዋ እንዲህ እንቅልፋም ሆነች። ከዚያ ስልኩ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ስልኩ ሲደርቅ ደግሞ እናቴ ጠበል ገባች።

«የት ጠበል?» አልኩት።

«ሩቅ ነው። ኔትዎርክ የለም።»

«መራመድ የማትችል ሴት እንዴት ሄደች?»

«በመኪና።»

«ማን ወሰዳት?»

«ሰዎች።»

ወንድሜ ውሸት አያውቅበትም። እኔም መስማት አላወቅኩበትም።

ባሌ ራቅ ያለ ሰፈር፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ቅዳሜ ማታ ነው ቤት የሚገባው። ድሮ ጫማውን ሳያወልቅ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይል ነበር። መጠየቁን ተወ። ደክሞት ነው አልኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ደግሞ ድንገት ሥራ ወዳድ ሆነች። ሳልነግራት ዕቃ ታጥባለች። ቧንቧውን ለቅቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ታጥባለች። ለጸሎቴ መልስ ነው ብዬ አመሰገንኩ። ልጅ ሳይነገራት ዕቃ ስታጥብ ብልህ እናት ትጠረጥራለች። እኔ ሻማ አበራሁ።

በታኅሣሥ ባሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ድግስ ደገሰ። «ሰፈሩ ሲዘረፍ ሱቃችን ተርፎልኛል፣ ስለት ነበረብኝ» አለ። ጾም ስለነበር ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ነው። ካህናቱ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ። ሴቶቹ እጄን ይዘው ቶሎ አይለቁም ነበር። አንዳንዷ ታየኝና ወደ ሳህኗ ታቀረቅራለች። እንዲህ መወደዴን አላውቅም ነበር። ምስሩ ጥሩ ስለነበረ ሁለት ጊዜ ጨምሬ፣ የተረፈውንም ቋጥሬ ወደ ቤት ወሰድኩ።

ጥምቀት ሲቃረብ ልጄ፣ በዚያው በትጋቷ፣ ነጠላዬን ከጂንስ ሱሪዋ ጋር አጠበችው። ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ከአገር ቤት ሰው ያመጣልኛል የተባለው አልደረሰም። እኔ ደግሞ ለጥምቀት ነጭ ለብሼ፣ ታቦቱ እስኪገባ ሳልቀመጥ ቆሜ፣ ለእናቴ ልለምን ተስያለሁ። ነጭ የግድ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ መደርደሪያውን አየሁ። ዶቲው አየኝ። ነጭ፣ ስስ፣ ጥጥ፣ ዳሩ ወርቅ። እየታጠፈ ስንት ዓመት ሙሉ በእጄ ያለፈ ጨርቅ፣ ነጠላ እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያየሁት። ዘርግቼ ለሁለት አጥፌ ከራሴ ላይ ጣል አደረግኩት።

አንቲ ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ተቀምጠው ነበር። ሳቅ እንባቸውን አመጣው።

«አይ አንቺ ልጅ! ይህ የወንድ እግር ልብስ ነው! ባሌ በዚህ ነበር እግሩን የሚሸፍነው፤ አንቺ አናትሽ ላይ ታደርጊዋለሽ?»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንቲ። ነጭ ያስፈልገኛል።»

«ለጸሎት?»

«ለጸሎት።»

«እንግዲያው ውሰጂው። አትክፈዪኝም።»

አመሰገንኩና መቀሱን አነሣሁ። ችግሩ የወርቁ መስመር ነበር። የእኛ ነጠላ ጥለቱ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በበዓል ጊዜ ጥለቱን ወደ ታች እናወርደዋለን። ሰው የሞተበት ግን ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የሚለብሰው፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል። ከሩቅ ያየ ሁሉ ሐዘንተኛ መሆኑን ያውቃል፤ መጠየቅ አያስፈልግም። ዶቲው ደግሞ በሁለቱም ጠርዝ ወርቅ አለው። እንዴትም ብለብሰው አንዱ መስመር ከታች፣ አንዱ ከአንገቴ ሥር ይውላል። ከታች ሠርግ፣ ከላይ ለቅሶ። የላዩን ቆርጬ ልጥለው ነው ያሰብኩት።

አንቲ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ያዙ።

«ለጸሎት ነው አላልሽም? ሕጉን ረሳሽው? ለጸሎት የተባለ አይቆረጥም።»

ምክንያቱን አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ሰው ሞቶብሻል?»

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ ግን ታማለች።»

«እንዴት ናት?»

«ተኝታለች ይሉኛል።»

«ስንት ቀን ተኛች?»

የዶቲውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመርኩ። ቆጥሬው ስለማላውቅ አይደለም።

«ባሌ የሞተ ዕለት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ገላው ሳይቀዘቅዝ ደርባን ያሉት ወንድሞቹ መንገድ ጀምረው ነበር። እኛ ጋ በማግስቱ ሬሳውን ስለምናቃጥል የሚደበቅበት ጊዜ የለም።»

ተናደድኩባቸው። የእኔ እናት ጠበል ላይ ናት፤ ምን አገናኘው? መቀሱን ቦታው መልሼ ቢጫውን ማጠፍ ጀመርኩ። የላዩን ወርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እደብቀዋለሁ አልኩ። መደበቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ!

እዚህ ጥምቀትን ለንግድ እንዲመች ወደ ቅዳሜ እንገፋዋለን። ዮሐንስም ጌታን ያጠመቀው ሱቅ ተዘግቶ ሳይሆን አይቀርም። የተከራየነው ሜዳ በነጭ ሞላ። ልጄ ከዘማሪዎቹ ጋር ሄደች፤ ባሌ ድንኳን ሊያቆም ሄደ። እኔ ዶቲዬን ደርቤ፣ ወርቁን አንገቴ ሥር ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። «ኬት አገኘሽው? የዶርዜ ነው?» ያለችኝ አለች። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና «የእጅ ሥራ ያስታውቃል» አለች። የወንድ እግር ልብስ ነው አላልኳትም።

ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ ተገፋፋ። አዲስ ዶቲ ጨርቅ የሚያደርቅ ስታርች ስላለው የታጠፈበት አይቆይም። ተገልብጦ ወጣ። ወርቁ ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ዞሮ አብለጨለጨ። እጆቼን ለጸሎት ዘርግቼ ስለነበር አላስተካከልኩትም። ለእናቴ እየለመንኩ ነበር። «አንድ ጊዜ ድምፅዋን አሰማኝ» እያልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሴቶቹ እኔን እያዩ ነው። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። ከዚያ የዕድራችን ጸሐፊ የሆነችው ሴት ሰው እየገፋች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እሰይ እህቴ! እንኳን ወጣልን!»

«ምኑ?»

«ዘቅዝቀሽ ለብሰሽ ሳይሽ ልቤ አረፈ። ጨክነው ነገሩሽ ማለት ነው። እግዜር ያጽናሽ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራት። ሁለት ወር ሙሉ አንቺን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ነው የሚቆረጠው። ያን ቀንማ፣ አርባዋን ስናወጣላት፣ ‹ምስሩ ይጣፍጣል› እያልሽ ስትጨምሪ፣ ኧረ እኔ ሴትዮዋ ወጥቼ ነው ያለቀስኩት!»

ምስሩን አስታወስኩ። ሁለት ጊዜ ጨምሬአለሁ። ሰኞ ለምሳ ሱቅ ይዤ ሄጃለሁ። የእናቴን የአርባ ቀን መታሰቢያ አራት ጊዜ በላሁ።

«የማን አርባ?» አልኳት። ማወቄን አውቃለሁ፤ ግን እንድትለው ፈለግኩ።

እጆቿ ከአንገቴ ላይ ወረዱ። ፊቴን አየች፣ ወርቁን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች።

«አልነገሩሽም?»

«አሁን ነገርሽኝ።»

«ወይኔ ጉዴ! ታዲያ ለምን ዘቅዝቀሽ ለበስሽ?»

ስለ ሕንድ ጨርቅ ማስረዳት የምችልበት ሰዓት አልነበረም።

«እዚህ እንዳታለቅሺ» አለችኝ ዙሪያውን እያየች። «ታቦት ፊት ነው። ቆይ፣ ባልሽ ይምጣ። ሊቀመንበሩ ይምጡ። በሥርዓቱ ነው የሚሆነው።»

በሥርዓቱ መጡ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር ከፊት ሆነው። ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝና አስረዱኝ። እናቴ ኅዳር ላይ እንዳረፈች ወንድሜ ለባሌ ደወለ። ባሌ ለዕድሩ ነገረ። ዕድሩ የመርዶ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ በሳምንቱ ሊነግረኝ ወስኖ ነበር፤ ግን ወር መጨረሻ ስለሆነ ስፓዛ የሚዘጋ ሰው ጠፋ። ከዚያ ዲሴምበር ገባ፤ ዲሴምበር ሽያጭ ነው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ደርባን ለዕረፍት ሄዱ። ከዚያ ገና ሆነ፤ ገናን ማበላሸት ደግ አይደለም። ከዚያ ጥምቀት። በመጨረሻ ነገ፣ እሑድ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል አሉኝ።

አምናለሁ። እዚህ ከተማ የዘይት ዋጋ ሲጨምር ቴምቢሳ ያለው ሰው ከአሌክሳንድራው በፊት በአምስት ደቂቃ ይሰማል። የእናቴ ሞት ግን ተራ መጠበቅ ነበረበት።

«እንግዲህ አንዴ ሆኗል» አሉ ሊቀመንበሩ። «አሁን አንቺ ቤትሽ ግቢ። እንዳልሰማሽ ሁኚ። ለነገ ሰው ተጠርቷል፣ ድንኳን ተከራይተናል። ጠዋት መጥተን እንነግርሻለን።»

«አሁን ሰማሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ገባኝ፣ ልጄ። ግን በደንብ አልሰማሽም።»

ባሌን አየሁት።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «ፔፐርሽ አያስወጣሽ። መሄድ አትችዪ፣ መቅበር አትችዪ። ብትሰሚ ምን ልትሆኚ ነበር?»

«ሐዘንተኛ» አልኩት።

ልጄ መኪናው ውስጥ ነገረችኝ። ከኋላ አብሬያት ተቀመጥኩ።

«ማሚ፣ ሶሪ። እኔ ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። የአጎቴ ልጅ የአያቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋው ነበር።»

«መቼ?»

«በሞተችበት ቀን። ዳዲ መስቀል ይዞ አስማለኝ። አይ ዋዝ ሶ ስኬርድ፣ ፈራሁ ማሚ። ሳለቅስ እንዳትሰሚኝ ቧንቧ እለቅ ነበር።»

ከፊት የተቀመጠው ሰው መሪውን ይዞ መንገዱን ብቻ ያያል። ለዕድር ሕግ ብሎ ልጁን በመስቀል አስምሎ ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ አሳጠበ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለእናቴም ለልጄም፤ የትኛው ለማን እንደሆነ አልለየሁም። ልጄን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ፊታችንን በዶቲው ጠረግኩ። ወርቁ ይቧጭራል፤ ጥጡ ግን ደግ ነው።

እሑድ ጠዋት ከእነሱ ቀድሜ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጸሎቴን አደረስኩ። ዶቲውን ደረብኩ፤ ወርቁን ወደ ውስጥ አላጠፍኩትም። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ልጄን ጎኔ አስቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በጣታቸው እየረገጡ መጡ። ሠላሳ ሰው በጣቱ ሲረግጥ ሰፈራችን ሜይፌር ሁሉ ይሰማል። በሩ ተከፍቶ፣ እኔ ተቀምጬ ሲያዩኝ ከፊት ያሉት ቆሙ፣ ከኋላ ያሉት ገፏቸው። ለመርዶ የተመረጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም። አባቶቻችንም …»

«ቁጭ በሉ» አልኳቸው።

ቆመው ቀሩ።

«ቁጭ በሉ፣ እኔ ልንገራችሁ። እናቴ ሞታለች። ኅዳር ላይ። ድንገት ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው አስቀምጬ የምነግራችሁ።»

አንድ ጥግ ላይ ከቴምቢሳ ለመጮህ የመጣች ሴት ነበረች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ በከንቱ ልትመለስ አልቻለችም። ጮኸች። ሌሎቹም እፎይ ብለው ተከተሏት።

ይህን ስል ማንንም አልጠላሁም። ወንበር ተሸክመው መጡ፣ ውኃ ቀዱ፣ ወጥ ሠሩ፣ ልጄን አቀፏት። ሰው በሰው አገር ይህን ማግኘቱ ቀላል አይደለም። አመሰግናለሁ። ግን የመጣልኝ ሁሉ እያወቀ፣ እኔን እያየ፣ ሁለት ወር ሙሉ «እናትሽ እንዴት ናት?» ብሎ ሰላም ያለኝ ሰው ነው። ያም አለ።

አራት ሰዓት ላይ አንቲ መጡ። ልጄ ነበረች የደወለችላቸው። ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፤ አንድም መስመር፣ አንድም አበባ የሌለበት። ሐዘናቸው ነጭ ነው። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። የእኛ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ እሳቸው ማንንም ሳያዩ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ሱቁስ?» አልኳቸው። ጥር ነበር፤ ለእሳቸው ጥር ማለት የዓመቱ እንጀራ ነው።

«ዘጋሁት» አሉ። «ቢጫው ነገም ቢጫ ነው።»

ሲጋራ የሚሸጠው ሰው በፊታቸው አለፈ፣ ተመለሰ፣ በመጨረሻ ውኃ አመጣላቸው። እግዚአብሔር የሚሠራውን ያውቃል።

ምሳ ሲቀርብ መኝታ ቤት ገብቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ባሌ አልነገረውም ነበር። ድምፄን ሲሰማ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳልጠይቀው ጀመረ።

«እማዬ ደህና ናት። ጠበሉ ተስማምቷታል። ትናንት እንኳ ትንሽ ገንፎ …»

«በምን ገነዛችኋት?» አልኩት።

ሥራዬ ጨርቅ ነው። ሌላ መጠየቅ አላወቅኩበትም።

እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጠበቅኩት። ሁለት ወር ጠብቄ ጥቂት ደቂቃ አይከብደኝም።

«በአቡጀዲ» አለ።

«አዲስ?»

«አዲስ። ያን ዕለት የተገዛ።»

«ማን አጠባት?»

«ጎረቤቶቿ።»

«ጸጉሯን አበጠሯት?»

«ሹሩባ ሠሯት። ሁለት ቀን ስትለምን ነበር፣ ሳትሞት። ሠርተውላት ነው የሞተችው።»

«ጠራችኝ?»

«ጠራችሽ።»

«ምን አላችኋት?»

«ሥራ ላይ ናት አልናት።»

ያን ዕለት የት እንደነበርኩ አሰብኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ። የማላውቀውን ሰው የጸሎት ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ከኅዳር ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የተነገረ እውነት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለእሷ ነው የተነገረው። ለእሱ አመሰገንኩ። ድምፅዋን አልሰማሁም፤ እሷ ግን ስለ እኔ የሰማችው ውሸት አልነበረም።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ ወንድሜ። «ሰው አለ አጠገብሽ?»

በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ሳሎኑ እስከ ደጅ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ሳህን ይዘው ወጥ እየጨመሩ ነው። ጸሐፊዋ ለአንቲ ሽሮውን በእጇ እያሳየች ሥጋ እንደሌለበት ታስረዳለች። ባሌ እንጀራ ያድላል። ልጄ ዕቃ ላጥብ ብላ ተነሥታ፣ የቴምቢሳዋ ሴት ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ቤቱ ሙሉ ነው» አልኩት።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለምሳ አንዳቸውም አልዘገዩም።